ለግራዝማቹ ያዘጋጀሁት መልስ

ከመቱ የወጣሁት ሽማግሌዎቼ ባዶ እጃቸውን በተመለሱበት ምሽት ነው። አስካለን እንዲጠይቁልኝ ልኬያቸው ነበር። አባቷ ግራዝማች ደምሴ ከደጅ አቁመው፣ "የእኔ ዘር ከቀፎ ሰቃይ ዘር አይቀላቀልም፤ ሰባት ቤት ቆጥሬ ነው የምሰጥ" አሏቸው። አባቴ ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀለ ማር የሚቆርጥ ሰው ነበር።

እናቴ "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ተወው ለፈጣሪ" አለችኝ። አልተውኩትም። ሰውየውን እየረገምኩ በቡሬ ቁልቁል ወረድኩ፤ ከጋምቤላ በባሮ መርከብ ካርቱም፣ ከዚያም ለንደን።

የመቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ደብድቦ ይሄዳል፤ የለንደኑ ግን ቀኑን ሙሉ እንደ አኩራፊ ልጅ ያለቃቅሳል። እኔ ማንም ሳያስተምረኝ ኬሚስትሪን ከመጻሕፍት ተምሬ ላቦራቶሪ ገባሁ። እኔን መምረጣቸው አይገርምም፤ እንደኔ ያለ ከየት ያገኛሉ?

አከራዬ "ሥራህ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ክር አጎብጣለሁ። የአባትሽ ዘር ወደ አንቺ የወረደበትን ክር።"

"አባቴን ለቀቅ አድርግና ጫማህን ጠርገህ ግባ!"

ለእናንተ ግን ላስረዳ። ዘር የሚወርድበት ቀጭን ክር ዲኤንኤ ይባላል። ከዳር እስከ ዳር ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ተሸክሟል። አንድ ዓይነት ቻርጅ ይገፋፋልና፣ ክሩ ሊጎብጥ ሲል ጎኑ ጎኑን "ወዲያ በል!" ይለዋል። ስለዚህ ግትር ነው። አጭር ከሆነማ ጫፍና ጫፉን ማገናኘት ጭንቅ ነው። ውሃው ውስጥ ጨው ስትጨምሩ ግን የጨው ፖዘቲቭ ቅንጣቶች ይከቡትና ግፊያው ይበርዳል፤ ያ ግትር ይለዝባል፣ ዞሮም ቀለበት ይሠራል። የጥጃም የንጉሥም ክር ያው ነው።

ይህን ባየሁ ቀን በደስታ ጮህኩ። ሰባት ቤት የተቆጠረለት ዘር ከእኔው ጋር እኩል በቁንጥር ጨው ይጎብጣል! በጆሯቸው ሳልነግራቸው አልሞትም አልኩ። ቃሉን ለዓመታት ስስል ኖሬ፣ መቱ ስልክ መግባቱን ስሰማ ግራዝማቹን ስልክ ቤት አስጠራኋቸው።

"ግራዝማች፣ የቀፎ ሰቃዩ ልጅ ነኝ!"

"ማን ነህ? ጮክ በል!"

"የእርስዎም ዘር እንደኔው ኔጋቲቭ ነው! በጨው ይጎብጣል!"

"ጨው የፈለግህ እንደሆነ ለሱቅ ደውል እንጂ!"

ከጀርባቸው ሰው ሳቀ።

"ጆሮዬ አይሰማም፤ ነይ አንቺ ያዢው" አሉ።

"አቤት፣ ማን ልበል?"

አስካለ ናት። ፕሮፌሰሮችን አፍ ያስያዝኩ ሰውዬ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተሰናዳሁት ለአባቷ ነበር፤ ለእሷ አንድ ቃል አልነበረኝም።

"ሃሎ?" አለች። "ሃሎ?"