ተዝካሬን የበላው ታዛቢ

የተያዝኩት ከክልሉ ምክር ቤት ጉባኤ ወደ አገሬ ስመለስ መንደራችን ወንዝ ዳር ነው። ከያዙኝ ታጣቂዎች ጋር ስንገፋፋ አፍንጫዬ ደማ፤ ጋቢዬም እዚያው ጭቃው ላይ ቀረ። ዓይኔን የሸፈኑበትን ጨርቅ ሲፈቱልኝ ራሴን ደብረ ማርቆስ ዳርቻ ካለ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ አገኘሁት። መስኮት የለውም፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን የሰውን ፊት አመድ ያስመስለዋል። ጠዋት ጠዋት ስም ሲጠራ የኔ አይጠራም፤ ቁጥሩ ግን ያለ እኔ ሁልጊዜ ይሞላል። ይህ ከዱላው ይልቅ ያስፈራኝ ነበር።

ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ከይጁቤ ገበያ የታፈሱ ሰዎች አስገቡ። አንዱን አወቅሁት። የአገሬ ገበሬ ነው፤ በተወዳደርኩባቸው ሦስት ምርጫዎች ሁሉ የኔ ታዛቢ ሆኖ ኮሮጆው አጠገብ የዋለ ሰው። ደስ ብሎኝ ወደሱ ስሄድ ግድግዳው እስኪይዘው ድረስ ወደ ኋላ ሸሸ።

«በስመ አብ! አይጠጉኝ!» አለ። «ተዝካርዎን በልቻለሁ እኮ!»

ቀስ በቀስ ነገረኝ። ጋቢዬ ደም ነክቶት ተገኘ። ሬሳዬ ቢታጣ ወንዙ ወሰደው ተብሎ በጋቢዬ ተለቀሰ፤ ሌላ ፎቶ ስላልነበረኝም ከቀበሌው ግድግዳ የምርጫ ፎቶዬን ገንጥለው ሙሾ አወረዱበት። አርባዬም ወጣ።

«ባለቤቴስ?» አልኩት።

«እሳቸውማ ዲማ ገዳም ወርደው በመጪው እሑድ ቆብ ሊጭኑ ነው።»

ከመነኮሰች እኔ ብመለስም እሷ አትመለስም። የታፈሱት ሰዎች ደግሞ ከሰዓት በኋላ እንደሚለቀቁ ተነግሯቸዋል።

«ወንድሜ፣ ድረስልኝና አለ በላት» አልኩት።

«ሰይጣን በሰው አምሳል ይመጣል ይላሉ አባቶች። በእርስዎ ቃል ሄጄ ከቆባቸው ባስቀራቸው ኃጢአቱ የማን ነው?»

ስለ ራሴ የማውቀውን ደረደርኩለት። በመጀመሪያው ምርጫ በጥቂት ድምፅ ብልጫ እንዳለፍኩ፣ ሁለተኛውን ያለ ተወዳዳሪ እንዳሸነፍኩ፣ በሦስተኛው ሕዝቡ ዝናብ እየወረደበት ተሰልፎ እንደመረጠኝ። ራሱን ነቀነቀ።

«ይህንማ ሰይጣንም ያውቀዋል። ሦስቱንም ጊዜ ወንዙ ላይ ድልድይ አሠራለሁ ብለዋል። ለምን አልተሠራም?»

ለዚህ ጥያቄ በየስብሰባው መልስ ነበረኝ፤ በጀት፣ ተቋራጭ፣ ክረምት። በዚያን ሰዓት ግን እነዚያን ተውኳቸው።

«አንድ ቀን እንኳ ምክር ቤት ውስጥ አንስቼው አላውቅም» አልኩት። «ፈርቼ ነው። እጅ አውጡ ሲሉ አወጣለሁ፣ አውርዱ ሲሉ አወርዳለሁ። ዋሽቻችኋለሁ።»

እጁን ሰድዶ እጄን ያዘና አጥንቴ ድረስ ጨበጠው።

«እርስዎ ነዎት» አለ። «ሰይጣን እንዲህ አያፍርም።»

ከሰዓት በኋላ ሊደርስልኝ ቃል ገብቶ ተለቆ ሄደ።

እኔ የወጣሁት ከወራት በኋላ ነው። ሰውየው ቃሉን ጠብቋል፤ በእግሩ ተጉዞ ቅዳሜ ደርሶ የሰማውን አንድም ሳያስቀር ነግሯታል። አዳምጣው ስታበቃ፣ «እንዲህ ካለማ እሱ አይደለም። የኔ ባል አጠፋሁ አይልም» አለችው። በማግሥቱ ቆቡን ጫነች።

ዛሬ አልወዳደርም። አልፎ አልፎ ዲማ እወርዳለሁ፤ «ወንድሜ» ትለኛለች፣ እህል ውኃም ታቀርብልኛለች። ያ ታዛቢ እስከ ዛሬ ይናደድባታል። እኔ ግን ልፈርድባት አልችልም። ሃያ ዓመት አብራኝ ስትኖር «አጠፋሁ» የሚለውን ቃል ከአፌ አንድ ቀን እንኳ አልሰማችም።