የጊያኒ ሾባ መደርደሪያ ላይ ያለው ባል

በፓታን ከተማ፣ በእኛ ግቢ፣ ጊያኒ ሾባን የማያውቅ የለም። ሥራዋ ጨሌ መሰካት ነው። ክንዷ ከቀይ የብርጭቆ አምባር ተለይቶ አያውቅም፤ ስትስቅም ስትቆጣም ትንቃጨላለች።

የተራራ ሰው የነበረው ባሏ አምና ሞተ። ዘንድሮ ልጇን ስትድር የባሏ ታላቅ እህት፣ እትዬ ቲካ፣ ከተራራው ወረዱ። እሳቸውም ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ክንዳቸው ባዶ ነው። ገና ሳይቀመጡ፣

«ያንን ቀይ አውልቂ! ባሏ የሞተባት ሴት አጊጣ ሙሽራ አትሸኝም። አለበለዚያ ከጓዳ እንዳትወጪ!» አሏት።

ደሜ ፈላ። ግቢያችን መሃል ቡድሃ ዘውድ ደፍቶ፣ የሀብት አምላኳ ላክሽሚ ሐብሏን እስከ እምብርቷ አንጠልጥላ ተቀምጠዋል፤ አውልቁ ያላቸው የለም። ድንጋይ ሲያጌጥ በረከት፣ ሴት ስታጌጥ ነውር! የሞተው ሰውዬው፣ የሚቀጣው የሚስቱ ክንድ! ጌጥ እኮ «እዚህ ቤት ሕይወት አለ» ማለት ነው።

ጊያኒ ግን ሳቀች። «እትዬ፣ ማን ሞተ አሉኝ? ባሌ መደርደሪያ ላይ ነው!»

ሮጣ ገብታ ቅል የመሰለ ደረቅ የቤል ፍሬ አቅፋ ወጣች። እኛ የኔዋር ብሔር ሴቶች በልጅነታችን መጀመሪያ የምንዳረው ለዚህ ፍሬ ነው፤ ሰው የሆነው ባል ሁለተኛ ነው። ፍሬው እስካልተሰነጠቀ ድረስ ባል አልሞተብንም።

«ሰላም ይበሉት እንጂ፤ ወንድምዎ አይደል!»

«ቅሉን ነው ወንድሜ የምለው? አብደሻል!»

«ይሄኛው ቢያንስ አያንኮራፋም።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከበሮ መቺዎቹ መቱለት። በሙሽሪት አባት ወንበር፣ ትራስ ላይ አስቀመጥነው። አንዱ ለበረከት ግንባሩን ቀይ ቀባው።

«ግንባሩ የትኛው እንደሆነ በምን አወቃችሁ?» አሉ እትዬ ቲካ፣ ሳቃቸውን እያፈኑ።

ሙሽሪት ልትሰናበተው ጎንበስ ስትል ልብሷ ትራሱን ጎተተው። ፍሬው ወደቀና ወደ ድንጋዩ ደረጃ ተንከባለለ። ሳቁ ቀጥ አለ። ከተሰነጠቀ ጊያኒ ባል እንደሞተባት ሴት አምባሯን እዚያው ልትሰብር ነው። ሁላችን ደርቀን ስንቀር አንድ ሰው ደረጃው ላይ በደረታቸው ተዘረሩ፤ እትዬ ቲካ! ፍሬውን አቅፈው፣ ሻሻቸው ወድቆ፣ ጉልበታቸው ተልጦ።

«ደህና ነው! አልተጫረም!»

አፌ አያርፍምና «ምነው፣ ቅል አይደል፤ አይተዉትም ነበር?» አልኳቸው።

«አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ! ወንድሜ ሲወድቅ ቆሜ ልይ?»

ያሉት ሲገባቸው አፋቸውን ያዙ። ጊያኒ ግን ጊዜ አልሰጠቻቸውም፤ ከክንዷ አንድ አምባር አውልቃ እጃቸውን ያዘች።

«ኧረ ተይኝ! እኔ ምን ባል አለኝ?»

«ከወንድምዎ ነው። የወንድም ስጦታ አይመለስም።»

ወፍራም እጃቸው አላስገባም አለ። «የሰናፍጭ ዘይት አምጡ!» ብለው የጮኹት ግን ራሳቸው እትዬ ቲካ ናቸው።