ቡቺ የጮኸበት ሰው

ትናንት ልጄ ዊንጌት አካባቢ መንገድ ዳር ያገኘችውን ቡችላ በሹራቧ ጠቅልላ ይዛ ገባች። የረጠበ ጸጉሩ ሽታ ሳሎኑን ሲሞላው «በሽታ ቢኖርበትስ? ባለቤት ቢመጣበትስ?» ብዬ ጀመርኩና፣ ከአፌ የወጣው የእናቴ ድምፅ መሆኑን ሳውቅ ፎጣ ላመጣ ተነሳሁ።

እናቴ ሰው አታምንም ነበር። ወተት አምጪዋ ውኃ ትቀላቅላለች፣ ሥጋ ሻጩ ሚዛኑን በጣቱ ይጫናል፣ ቆጣሪ አንባቢው ሳያነብ ይጽፋል ትላለች፤ በቆጣሪው እንኳ አልተሳሳተችም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረቷን እኛ ልጆቿ ከአባታችን ሆይ እኩል ነው ያጠናነው። እንዲህ ባለው ቤት ነው እንግዲህ አባቴ አንድ ክረምት ከካፖርቱ ሥር ቡችላ ያወጣው። አዲሱ ገበያ ያለ ወዳጄ ሰጠኝ አለ። የትኛው ወዳጅህ? ራሱ ለምን አላሳደገውም? አባቴ መልሱን ቢቀያይርም፣ ቡችላው የቤቱን ደጃፍ እንዳያልፍ፣ ጥሩ ጠባቂ ካልወጣውም ወደመጣበት እንዲመለስ ተፈርዶበት ቀረ። ቡቺ አልነው።

ቡቺ ጠባቂ አልወጣውም። ለመጣው ሁሉ ጭራውን ይቆላል። የሚጮኸው በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነበር፤ በጎረቤታችን በጋሽ ታደሰ። በሁለታችን አጥር መካከል ወንፊቱም፣ ፍሙም፣ እኛ ልጆቹም የምንመላለስበት መሹለኪያ ነበረ፤ ጋሽ ታደሰ በየምሽቱ ጃንጥላቸውን በብብታቸው ይዘው በዚያ እየገቡ ከአባቴ ጋር ዜና ይሰማሉ፣ ለእኔም ከኪሳቸው ከረሜላ አይጠፋም። ቡቺ እሳቸውን ሲያይ ግቢው ውስጥ ካለው የውኃ በርሜል ሥር ገብቶ፣ ጸጉሩን አቁሞ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮሃል።

ማንንም የማታምነው እናቴ ውሻውን አመነች። «ውሻ ያለ ነገር አይጮህም» አለች። አምና የጠፋችው ዶሮ ትዝ አለቻት፣ ካቻምና የጠፋው አካፋ ትዝ አላት። በሳምንቱ መሹለኪያው በቆርቆሮ ተመታ። ጋሽ ታደሰ መዶሻውን ሰምተው ወጡና በወዲያ በኩል ቆመው አዩ። እቤት ያሉት ሁሉ ለከረሜላው ነው የምታለቅሰው ብለው ሳቁብኝ፤ እኔ ግን ያለቀስኩት ለሰውየው ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን እናቴ ከሽሮ ሜዳ ስትመለስ ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ጃንጥላዋን አጥፋ ገባች። ሊቀበላት የሮጠው ቡቺ ድንገት ወደ ኋላ አፈገፈገና፣ በርሜሉ ሥር ሆኖ ልክ በጋሽ ታደሰ ላይ እንደሚጮኸው ጮኸባት። እናቴ እጇን አየች። ጃንጥላውን መሬት ስታስቀምጠው ዝም አለ፣ እየተሳበም መጥቶ እግሯ ሥር ተኛ። አባቴ ያን ጊዜ እውነቱን አወጣ፤ ወዳጅ የሚባል የለም፣ የማያውቃቸው ሰዎች መንገድ ላይ በዱላ ሲቀጠቅጡት ደርሶ ነው የነጠቃቸው። «የመንገድ ውሻ ነው፣ ታሟል ብለሽ እንዳታስወጪው ፈርቼ ነው» አላት።

እናቴ ሳትውል ሳታድር እኔን አስከትላ ጋሽ ታደሰ በር ላይ ይቅርታ ጠየቀች። «ምንም አይደል እህቴ፣ ውሻ ነው እኮ» አሉ፤ ግቡ ግን አላሉንም። ዝናቡ እንደገና ሲጀምር ያንኑ ጃንጥላ ዘርግተውልን፣ እስከ በራችን ሸኝተውን ተመለሱ። እናቴ በማግስቱ ቆርቆሮውን በገዛ እጇ ነቀለችው፤ ከዚያ ወዲያ ግን በመሹለኪያው ዶሮዎች እንጂ ጋሽ ታደሰ አላለፉበትም። ቡቺ የእናቴ ጥላ ሆኖ አረጀ።

ዛሬ አጥሬ የግንብ ነው፣ ከግንቡ ወዲያ ያለውን ጎረቤቴን ስሙን እንኳ አላውቅም። ልጄ ቡችላው ሰው ሲመጣ ይጮህ እንደሆነ በጉጉት ትጠብቃለች፤ እስካሁን በራችንን ያንኳኳ የለም። እናቴስ ቢያንስ የምትጠረጥረው ወዳጅ ነበራት።