የካዛንቺስ ጎረቤቶች ዝርዝር

ፍሬሰላም ተከስተ መስቀል ፍላወር አንድ ሆቴል ውስጥ የክፍል ማስያዣ ሠራተኛ ናት። ድረ ገጽ መሥራት የተማረችው በራሷ ነው።

ካዛንቺስ የነበረው የአክስቷ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው በየአቅጣጫው ሲበተን፣ የዕድሩ ጸሐፊ አቶ አጥናፉ መቶ ሠላሳ ቤተሰብ የት እንደገባ በደብተር መዝግበው ያዙ። ጡረተኛ ናቸው። አንድ ቀን ደብተሩን ይዘው ሆቴሉ ድረስ መጡና ሰዉ በየስልኩ እንዲያየው አድርጊልኝ አሏት።

ቅዳሜና እሑድ እየሠራች ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ገጽ አዘጋጀች። ገጾቹ በየግላቸው ይከፈታሉ። ሁሉንም የሚዘረዝረው ገጽ ግን «አልተገኘም» ይላል። መጀመሪያ የጠረጠረችው ቴሙን፣ ማለትም የድረ ገጹን መልክ የሚወስነውን ዝግጁ ንድፍ ነበር። በሌላ ቀየረችው፤ ያው ነው። ሁለት ቀን የምሳ ሰዓቷን በዚህ ላይ ከጨረሰች በኋላ፣ «ጎረቤት» የሚለውን የገጽ ዓይነት ስትፈጥር ዝርዝር እንዲኖረው አለማዘዟን አየች። አዘዘች፤ አሁንም የለም። የገጾቹን አድራሻ የሚወስነውን የሊንኮች ሴቲንግ ምንም ሳትለውጥ እንደገና ሴቭ ስታደርገው፣ ድረ ገጹ አዲሱን ትእዛዝ ተቀብሎ ተከፈተ።

በማግስቱ አቶ አጥናፉ መጥተው ስልካቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ተመለከቱ።

«የሺሃረግ የለችም» አሉ።

«አሉ እኮ ጋሼ፣ እኔው ነኝ ያስገባኋቸው።»

«እዚህ ያለው አሥር ሰው ብቻ ነው።»

ወይዘሮ የሺሃረግ ሠላሳ ዓመት በአንድ ግድግዳ የተዋሰኗቸው ጎረቤታቸው ነበሩ። ፍሬሰላም ስታየው ቴሙ በአንድ ጊዜ አሥር ብቻ ያሳያል፤ ወደሚቀጥለው የሚያሻግር ቁልፍም የለውም። የቀረው መቶ ሃያ ቤተሰብ ቢመዘገብም አይታይም። አቶ አጥናፉ አጠገቧ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ፣ ሁሉም በአንድ ገጽ በድሮው የቤት ቁጥር እንዲደረደር አደረገች። የራሳቸውን ቁጥር አገኙ፤ ከሥሩ የሺሃረግ አለች።

የየሺሃረግ ስልክ ደብተራቸው ላይ ከተጻፈ ወራት አልፎታል፤ ደውለው ግን አያውቁም ነበር። አሁን ስሟን ነኩትና ደወሉ። ወይዘሮ የሺሃረግ የደወሉላቸው የዕድሩ ጸሐፊ መሆናቸውን ሲሰሙ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አሉ አቶ አጥናፉ። «ደህና መሆንሽን ልጠይቅ ነው።»

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን ፍሬሰላም አልሰማችም፤ እንግዳ መጥቶባት ወደ ጠረጴዛዋ ሄዳ ነበር።