ማራገቢያው ቦታ የቀየረበት ነሐሴ

በድረዲን መኪና መንዳት ከጀመረ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ዓይኑን ከመንገድ አንሥቶ እጁ ምን እንደሚነካ አይቶ አያውቅም። አሮጌውን ቅጥቅጥ ከቆቦ ወልድያ፣ ከቆቦ አላማጣ ሲያመላልስ የመብራቱ ማብሪያ ከግራ ጉልበቱ በላይ እንደሆነ፣ የማራገቢያው ቁልፍ ተሰብሮ በምትኩ የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን እንደተገጠመለት እጁ ያውቀው ነበር። ዓይኑ ግመሉን፣ ፍየሉን፣ ፍሬቻ ሳያሳይ የሚገባውን ባጃጅ ይጠብቃል፤ የቀረውን እጁ ይጨርሰዋል።

ኤሌክትሪኳ መኪና ስትመጣ ግን እጁ ያን ሁሉ እውቀት ይዞ ባዶውን ቀረ። መኪናዋ የራዊያ ናት። ራዊያ ጅዳ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ተመልሳ፣ ያንን ዘጠኝ ዓመት በሙሉ ሰባት ሰው በምትጭን ነጭ መኪና ለወጠችው። በድረዲንን የቀጠረችው አባቷ ሲያምኑት ስላየች ነው። ከመሪው አጠገብ ጥቁር ሰሌዳ የመሰለ ስክሪን ተገትሯል። ነፋሱም፣ የመስታወቱ ማስተካከያም፣ የወንበሩ ነገርም እዚያው ውስጥ ነው። በእጅ ተዳብሶ የሚገኝ ቁልፍ የለም። ጽሑፉ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ቻይንኛ ነው።

በሃምሳ ሰባት ዓመቱ እንደገና ተማሪ መሆን ታከተው። ቢሆንም ተማረ። ዙሁር ሰግዶ ሲመለስ፣ መኪናዋ ቻርጅ ላይ ሳለች ገብቶ ይቀመጥና ዓይኑን ይጨፍናል። አውራ ጣቱን በስክሪኑ ታችኛው የግራ ጥግ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ አንድ ጣት አለፍ ሲል ማራገቢያው፣ ሁለት ጣት አለፍ ሲል የኋላ መስታወቱ። ሁለት ወር ፈጀበት። አንዲት ፊደል ሳያነብ ስክሪኑን በቦታው ሸመደደው።

በነሐሴ መጀመሪያ ራዊያ መጣችና ስክሪኑን ነካ ነካ አድርጋ፣ «ጋሽ በድሩ፣ ቻይንኛውን ማን ያነበዋል? ዐረብኛ አደረግሁልዎት። ፊደሉን እርስዎ ያውቁታል፣ ትርጉሙን እኔ አውቀዋለሁ» አለችው።

በድረዲን መነጽሩን አወጣና ልጅ ሆኖ ቁርኣን ሲቀራ በለመደው ዜማ ፊደል በፊደል አነበበ። «ተ... ክ... ዪ... ፍ። ምንድን ነው?»

«ኤሲ ነዋ!»

«እኔ የቀራሁበት ቤት ኤሲ አልነበረም፤ በምን ልወቀው?»

ራዊያ እስኪያስነባት ሳቀች። እሱም ሳቀ። ደስ ብሎት ነበር፤ የሚያውቀው ፊደል ነውና አንድ ዘመድ መኪናው ውስጥ የገባ መሰለው። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ ስክሪኑም አብሮ መዞሩን፣ በግራ የነበረው ሁሉ በቀኝ መሆኑን ሁለቱም ልብ አላሉም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከዋጃ ሰባት ሰው ጭኖ ወደ ቆቦ ሲመለስ ዝናቡ ወረደ። ከፊት፣ ከጎኑ የተቀመጡት እማ ሲቲ ናቸው፤ የዋጃ ሴት፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቆቦ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ። የሰባት ሰው ትንፋሽ የፊት መስታወቱን ወዲያው ጉም አለበሰው። በድረዲን ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ አውራ ጣቱን በግራ ጥግ አሳርፎ፣ አንድ ጣት አለፍ ብሎ ነካ። ነፋስ የለም። ደግሞ ነካ። ጉሙ ባሰ። በመዳፉ መስታወቱን እየጠረገ ለሦስተኛ ጊዜ ነካ።

«በድሩ» አሉ እማ ሲቲ ቀስ ብለው፣ «ይህ ወንበር ሞቀ።»

«ሙቀቱ ነው እማ ሲቲ፣ አብሽሩ።»

«ኧረ የአየሩ አይደለም! ከሥሬ ነው!» ትንሽ ቆዩና ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ያ ረቢ! ተቃጠልሁ! እሳት ነው ከሥሬ!»

ከኋላ አንዱ «ባትሪው ነው! ባትሪው ከሥር ነው ያለው! ሊፈነዳ ነው!» ብሎ ጮኸ።

በድረዲን ዳር ይዞ ቆመ። ሰባቱም በዝናቡ እየተጋፉ ወርደው ማሽላው ውስጥ ገቡ። እሱ ብቻውን ቀርቶ መነጽሩን አድርጎ ስክሪኑን አየው። የነካው የወንበር ማሞቂያውን ነበር፤ ሦስቴ ነክቶ እስከ መጨረሻው አግሎታል። በራያ ቆላ፣ በነሐሴ፣ ወንበር ማሞቅ ማን አስቦት ነው እዚህ የከተተው? ማራገቢያው በቀኝ ጥግ፣ እማ ሲቲ ጉልበት አጠገብ ተቀምጧል። ማሞቂያውን አጠፋ፣ ማራገቢያውን ከፈተ፣ መስታወቱ ጠራ። «አልፏል፣ ግቡ» ቢል ሦስቱ ገቡ። አራቱ፣ እማ ሲቲም ጭምር፣ ሲያልፍ ባገኙት ሚኒባስ ተሳፍረው ሄዱ።

ወሬው ቀድሞት ቆቦ ደረሰ። መናኸሪያው ውስጥ የሱ መኪና ፈንድታ አሮጊት አቃጥላለች ተባለ። ሁለት ቀን ሰው መጥቶ ያያትና ወደሚቀጥለው መኪና ያልፋል። በሦስተኛው ቀን ራዊያ መጣች። ፊቱን አላየችውም። «ጋሽ በድሩ፣ ማራገቢያ ብለው ማሞቂያ የነኩት ደክመው ይመስለኛል። ከቅዳሜ ጀምሮ ቁልፉን ለጀሚል ልሰጠው ነው።»

ደክሞ ነበር፤ እውነቷን ነው። ግን የደከመው ከመማር ነው እንጂ ከመንዳት አይደለም።

ቻርጅ ወደሚደረግበት ግቢ ሲገባ ጀሚልና አራጌ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ጀሚል ሠላሳ ያልሞላው፣ እስከዚያ ቀን የሰው ኤሌክትሪክ መኪና በተራ የሚነዳ ነው። አራጌ በሮቢትና በጎብዬ መስመር የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ይነዳል።

«ቁልፉን እኔ አልጠየቅሁም፣ ወላሂ» አለ ጀሚል ገና ሲያየው።

«አውቃለሁ። አንተስ ይህን ስክሪን እንዴት ታየዋለህ?»

«እኔ ወድጄዋለሁ። የኋላው ካሜራ አንገት ያሳርፋል።»

«የኔ ላብ ሲነካው ያኮርፋል» አለ አራጌ። «ከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ደግሞ የማየው የራሴን ፊት ነው። የኔ ፊት ለመንዳት ምን ይጠቅመኛል?»

«ለማንም አይጠቅምም» አለ ጀሚል።

«ዝም በል አንተ! ባለፈው ወር ስክሪኑ አዲስ ነገር ልጫን ወይ አለኝ፤ እሺ ብዬ ነካሁ። በነጋታው የመስኮቱን ዕቃ ሬዲዮው ቦታ አገኘሁት። መስኮት እዘጋለሁ ብዬ ዘፈን ለቀቅሁ።»

ጀሚል ሳቀ። በድረዲን ግን ብድግ አለ። «ቦታው ነው» አለ። «ደክሜ አይደለም። ቦታው ነው የዞረው።»

ራዊያን ከሱቋ ጠርቶ አመጣት። መኪናዋ ውስጥ ከጎኑ አስቀመጣት፣ ከትከሻው ፎጣውን አውርዶ ዓይኑን አሰረ። «ማራገቢያ በይኝ» አላት።

«ምን እየሆኑ ነው ጋሽ በድሩ?»

«በይኝ ልጄ።»

«እሺ። ማራገቢያ።»

አውራ ጣቱን በግራ ጥግ አሳርፎ ነካ። ደግሞ ነካ። ደግሞ። ጥቂት ቆይታ ራዊያ ከወንበሯ ነቅነቅ አለች። «አላህ! እኔን ነው እኮ ያሞቁኝ!»

«አሁን ወደ ቻይንኛው መልሺው።»

መለሰችው። «ማራገቢያ» አለች፤ ነፋሱ ፊቷን መታት። «የኋላ መስታወት።» ተንቀሳቀሰ። «የግራ መስኮት።» ወረደ። «የቀኝ በር።» ተቆለፈ። «ሬዲዮ።»

«ሬዲዮ አላውቅም። ከፍቼው አላውቅም።»

ራዊያ ፎጣውን ራሷ ፈታችለት። «ሥዕሉ እኮ በዐረብኛውም ያው ነበር» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«ሥዕሉን ለማየት መንገዱን መተው አለብኝ። ሰባት ሰው ይዤ መንገድ አልተውም።»

ቁልፉን ከመሪው አጠገብ እንዳለ ትታው ወረደች። ለጀሚል ምን እንዳለችው በድረዲን አልጠየቀም። ቅዳሜ ጠዋት የነዳት እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋን ሲያስነሣት ስክሪኑ ላይ አንድ ሣጥን ብቅ ይላል፤ በቻይንኛ ሁለት መስመር፣ ከሥሩ ሁለት ቁልፍ። አዲስ ነገር ልጫን ወይ የሚለው እሱ እንደሆነ ጀሚል ነግሮታል። በአንዱ ቁልፍ ላይ ያለው ፊደል ቅጠሉን የዘረጋ የማሽላ አገዳ ይመስላል፤ ቆይ በኋላ ማለት ነው። በድረዲን ከቻይንኛ የሚያውቀው እሷን ብቻ ነው። በየጠዋቱ ማሽላዋን ይነካል፣ ሣጥኑ ይጠፋል፣ በነጋታው ይመለሳል። አንድ ቀን ራዊያ ወይም ሌላ ሰው ሌላኛውን ቁልፍ እንደሚነካ ያውቃል። ቦታው ሁሉ እንደገና ሲዞር፣ ዳግም ሁለት ወር ዓይን ጨፍኖ የሚቀመጥበት ጉልበት ይኖረው እንደሆነ እንጃ።

ባለፈው ሰኞ እማ ሲቲ ከዋጃ ሊሳፈሩ መጡ። በሩን ከፍተው አልገቡም። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ወንበሩ ላይ ዘርግተው ጥቂት ቆዩ።

«ቀዝቃዛ ነው እማ ሲቲ» አላቸው።

«እስኪ ዝም በል፣ እያየሁ ነው» አሉ፣ እጃቸውን ሳያነሡ።