እማማ ዘነቡና እምቢ ያለው ዲቪዲ

ዛሬ ጊንጆ ሰፈር ያለችው ክፍሌ ውስጥ በጎረቤቶቼ ታግቼ ዋልኩ!

እማማ ዘነቡ ጀርመን ያለች ልጃቸው የምትዘምርበትን የኳየር ዲቪዲ ይዘው መጡ። ከሄደች ጀምሮ አላዩዋትም።

አሮጌው ኮምፒውተሬ ግን «ዲስኩ የተቆለፈ፣ የሌላ አካባቢ ነው» ብሎ እምቢ አለ። ለካ አንዳንድ ዲቪዲ በተሸጠበት የዓለም ክፍል ማሽን ላይ ብቻ እንዲከፈት ይቆለፋል። ፕሮግራም ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች!

እማማን ተከትለው የመጡት ጎረቤቶች ከበቡኝ። እንዳልወጣ በሩ ላይም ተቀምጠዋል።

«ማሎ ልጄ፣ እባክህ አንዴ ሞክርልኝ» አሉኝ እማማ።

የቀረኝ የማሽኑን አካባቢ ወደ አውሮፓ መቀየር ነበር። ማሽኑ የሚፈቅደው የመቀየር ዕድል ግን የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አውሮፓ ላይ ተቆልፎ ይቀራል።

ዐይኔን ጨፍኜ ቀየርኩት።

ልጅቷ ብቅ ስትል እማማ ስክሪኑን በእጃቸው ዳሰሱ። «ከስታለች» ብለው አለቀሱ።

ከእንግዲህ እዚህ አገር የገዛኋቸው የኔ ዲስኮች አይከፈቱም። እማማ ደግሞ ሲወጡ «ነገም እመጣለሁ» ብለውኛል።

እናንተንስ ማሽን ጎረቤት ፊት እንዲህ አስጨንቋችሁ ያውቃል?