አባቴ ኮፈን ሲጠግን የዋለበት ቀን

ኮፈኑ በገመድ የታሰረ አሮጌ ፒካፕ ባየሁ ቁጥር አልፌው መሄድ አልችልም። ባለፈው መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ አንዱን አይቼ ቆሜ ቀረሁ። ሹፌሩ የምሳፈር መስሎት «ወደ ከላላ ነሽ?» አለኝ። ኧረ ወዲያ፣ እኔ የት እሄዳለሁ! እህቴ ዘይነባ ትዝ ብላኝ ነው የቆምኩት።

ልጅ እያለሁ አባቴ እንዲህ ያለች ፒካፕ ነበረችው። እህልና ጨው ጭኖ ገበያ ለገበያ ይዞርባታል። ቀለሟ ሰማያዊ ነበር ይባላል፤ እኔ የደረስኩት ግን በዝገቷ ነው። የኮፈኗ የቀኝ ማጠፊያ ካለቀ ቆይቷል። ፒኑ ተበልቶ፣ ቀዳዳው ሰፍቶ፣ ኮፈኑ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሎ ነበር የሚቀመጠው። ፊት ያለው መያዣም ስለማይገጥምለት አባቴ በገመድ ጥፍር አድርጎ ያስረዋል። ኮረኮንቹ ላይ ስትመጣ ኮፈኑ ሲንኳኳ ከሩቅ ይሰማል፤ እናቴም ያን ሰምታ ነበር ወጥ የምትጥደው። ሰው ሁሉ «ኧረ ያሠሯት፣ አንድ ቀን ነፋስ ገልቦ መስተዋቱ ላይ ይደፋብዎታል» ሲለው «አላህ ይጠብቃል» ብሎ ያልፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ስንት ዓመት ሄደ።

በኋላ ዘይነባ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው ተባለ። ትምህርቷን አቁማ ቤት መዋል ከጀመረች ወዲህ ነገሩ ሲጉላላ ቆይቶ፣ አጎቶቻችን ተሰብስበው ጨረሱት። ደላላው ደሴ ይጠብቃታል፤ እስከዚያ አባቴ በፒካፗ ያደርሳታል። በዋዜማው የአገሩ ሽማግሌዎች ቤታችን ተቀምጠው ዱዓ አደረጉላት። እኛ ዘንድ ደግሞ ዱዓ የተደረገለትን መንገድ ማን ደፍሮ ይመልሳል? አባቴ ያን ለት ከሰው ጋር «አሚን» ሲል ድምፁ አልወጣለትም።

ጠዋት ሻንጣዋ ተጭኖ፣ እናቴ ስንቋን ቋጥራ፣ እኔ እየተነፋረቅሁ ስንወጣ አባቴ ኮፈኑን አየት አደረገና «በዚህ ኮፈንማ ልጄን ይዤ መንገድ አልወጣም» አለ። እርስ በርስ ተያየን። ስንት ዓመት ያልታየው ኮፈን ያን ለት ታየው! ገመዱን ፈታ፣ መፍቻውን አወጣ፣ ዘይነባን «ነይ ያዢልኝ» አላት። ለመንገድ የተሰፋላትን ቀሚስ እንደለበሰች ሄዳ ኮፈኑን ቀና አድርጋ ያዘች። ጉሙ ገና ከጓሯችን አልተነሳም፤ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። የዛጉትን ቡሎኖች ጋዝ እያፈሰሰ፣ እያረሰረሰ አላቀቃቸው። የጋዙና የዝገቱ ሽታ እስካሁን ካፍንጫዬ አልወጣም። የተበላውን ፒን አውጥቶ ከአሮጌ ቡሎን ሌላ ቆረጠለት፤ እንዳይላላም ሮንዴላ የምትባለውን ቀለበት ደርቦ መለሰው።

ቀትር ላይ ኮፈኑ ተዘጋ። ገጠመ! ግራና ቀኙ እኩል፣ መያዣውም ቀጭ ብሎ ያዘ። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ስንቁን አነሳች። አባቴ ግን ጣቱን በክፍተቱ ላይ አስሄደና «አልገጠመም» ብሎ እንደገና ፈታው። ዘይነባ ተመልሳ ያዘችለት። አንዴ ወደ ግራ ይገፋዋል፣ አንዴ ወደ ቀኝ፤ ዘግቶ ያየዋል፣ «ጠማማ ነው» ይላል፣ ይፈታዋል። ልጅ ብሆንም ገባኝ። ኮፈኑ ምንም አልሆነም፤ አባቴ «ልጄ፣ ቅሪ» ማለት አቅቶት ነው። ዱዓው ተደርጓል፣ አጎቶቼ ቆርጠዋል፤ በእጁ የቀረው ያ ብረት ነበርና እሱን ይዞ ሙጭጭ አለ። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ «ያ ረቢ፣ ይሄ ኮፈን አይግጠም» እያልኩ እለምን ነበር። እናቴ እንባዋን በሻሿ እየጠረገች ምሳ አወጣችላቸው። እዚያው መኪናዋ አጠገብ ቆመው በሉ፤ እጁ ጋዝ ጋዝ እየሸተተ አጎረሳት።

የአሱር ሶላት ሲቃረብ፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል፣ ዘይነባ መፍቻውን ቀስ ብላ ከእጁ ወሰደች። «አብሽሩ አባ፣ አይዞዎት፣ አሁን ገጥሟል» አለችው። የመጨረሻውን ቡሎን ራሷ አጠበቀችው። አባቴ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ፣ ከጸዳም በኋላ ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ፒካፗ ከኮረብታው ጀርባ እስክትሰወር ኮፈኑ አንዴም አልተንኳኳም። ያንን ጸጥታ እንዴት እንደጠላሁት!

ዘይነባ መጀመሪያ ድምጿን በካሴት እየቀዳች ትልክልን ነበር። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይሰማል፤ ሁሉንም በየስሙ ሰላም ትላለች፣ ትስቃለች። በሁለተኛው ዓመት ካሴቱ ቀረ። ከዓረብ አገር የተመለሰ ሰው ሁሉ ተጠየቀ፤ አየኋት ያለ የለም። አባቴ መኪናዋን ሸጠ። እስኪሞት ድረስም ስሟን ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም።

እኔም በተራዬ ወልጄ ሴት ልጅ አደረስኩ። ዘንድሮ እሷም ዓረብ አገር፣ ዓረብ አገር ማለት ጀመረች። እንደ አባቴ ዝም አልልም ብዬ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። የአክስቷን ነገር አንድም ሳላስቀር ነገርኳትና «ልጄ፣ አትሂጂብኝ» አልኳት። «እሺ እማ» አለችኝ። እኔ ሞኟ እፎይ አልኩ! በሳምንቱ ከገበያ ስመለስ የለችም። በባሕር በኩል እንደሄደች የነገረችኝ ጓደኛዋ ናት። የዛሬ ልጆች አካሄዳቸው እንዲህ ነው፤ ዱዓ የለ፣ ስንቅ የለ፣ በስልካቸው ተቀጣጥረው ውልቅ ይላሉ።

ድሮ አባቴን እታዘበው ነበር፤ አንዲት ቃል መናገር አቅቶት ብረት ሲፈታ ዋለ እያልኩ። አሁን ግን እቀናበታለሁ። እሱ ቀኑን ሙሉ የልጁን ፊት እያየ ውሏል። እኔ ቃሉን ተናግሬአለሁ፤ ስትወጣ ግን ጀርባዋን እንኳ አላየሁም።